የሱባሩዬን የፊት ፍሬን ጅማ ላይ አስቀየርኩ፣ የግቤንም ቁልቁለት ወረድኩበት

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ስመለስ ግቤ ላይ ፍሬኔ ከዳኝ። እናቴ ከኋላ ወንበር ናት፣ እህቴ ከጎኔ። ወልቂጤን አልፈን ወደ ድልድዩ እየወረድን ነው። ከፊታችን ጭነት የሞላው ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ርሷል፣ ጉም አለ፣ ደርቦ ማለፍ የማይታሰብ ነው፣ እኔም እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ ከኋላው ብዙ መንገድ ተከተልኩት። መጀመሪያ ሽታው መጣ። እህቴ «ምንድነው የሚቃጠለው?» አለች። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ከዚያ አንድ ኩርባ ላይ ስረግጠው ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል ሆኖ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ደጋግሜ ረገጥኩት። ትንሽ ያዘ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ፣ ውጪ ዝናብ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ፔዳሉን ስሞክረው እንደ ድሮው ጠንክሮ ጠበቀኝ፣ ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ቢበላሽ ኖሮ ማንም መካኒክ ያገኘዋል። ቀዝቅዞ ሲድን ግን ጅማ ደርሰህ ብታሳየው «ምንም የለውም» ነው የሚሉህ። እንዳሉኝም።

ከዚያ ወዲህ የፊት ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት። ምን ገዛሁ፣ የት አስገጠምኩ፣ የትኛው ገንዘቡን ይገባዋል የሚለውን ሳልደብቅ ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ይህን መንገድ በየሳምንቱ የምትመላለሱ ብዙ ናችሁ።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ የ2004 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው። አራት በር፣ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ከፊት ከፋብሪካ የመጣለት 294 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሃሉ አየር የሚያሳልፍ ዲስክ ነው፣ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ሁለት ፒስተን ያለውና በፒን ላይ የሚንሸራተተው ዓይነት። መጥፎ ፍሬን አይደለም። ጅማ ከተማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባጃጅ እየተጋፋችሁ ስትሄዱ አንዴም አያሳፍራችሁም። ችግሩ የሚመጣው ሙቀት ሲጠራቀምበት ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው። ከወልቂጤ አካባቢ እስከ ግቤ ድልድይ ከፍታው ወደ 800 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያን ያህል ከፍታ መውረድ ማለት፣ ሞተሩና አየሩ የሚያግዙትን ወደ ጎን ብንተው፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 20 ጊዜ ቀጥ ብላችሁ እንደመቆም ነው። መኪናው ቀላልም ይሁን ከባድ ያው 20 ነው። የኔ ከነሰዉና ከነሻንጣው 1,700 ኪሎ ቢሆን ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሁለት ጀሪካን! ይሄን ሙቀት የሚሸከሙት አራት ዲስኮች ናቸው፣ አብዛኛውን ደግሞ የፊቶቹ ሁለቱ፣ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል። ማርሽ ወርዳችሁ ሞተሩ እንዲይዝላችሁ ካላደረጋችሁ ሁሉም ዕዳ እዚያ ነው የሚወድቀው። እኔ ያን ቀን በአራተኛ ነበርኩ። ጥፋቱ ግማሹ የራሴ ነው።

ሌላው ግማሽ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3፣ ዶት 4 የሚባሉት የዘይቱ ደረጃዎች ናቸው፤ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠብቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከሆነ ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ጅማ ውስጥ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ጫማ እንኳን ሻጋታ ያወጣል። የኔ ዘይት ከተቀየረ ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሲቀዳ አየሁት፣ ቀለሙ የቆየ የቡና አተላ ይመስላል። ያ ዘይት ካሊፐሩ ውስጥ ፈላ፣ እንፋሎት ሆነ፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይደለም፣ ሲጫኑት ይታመቃል፣ ስለዚህ እግሬ የጫነው እንፋሎቱን እንጂ ፍሬኑን አልነበረም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ሆነ፣ ፔዳሉም ተመለሰ። «ምንም የለውም» ያሉኝ ሰዎች ያላዩት ይሄን ነው።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሁለት ተከፈሉ። አንዱ «ብሬምቦ ግጠም፣ ተገላገል» አለኝ። ብሬምቦ የታወቀ ፍሬን ሠሪ ነው፣ እሱ ያለው ደግሞ ከኔ ለሚበረታው ሞዴል፣ ለኢምፕሬዛ ኤስ ቲ አይ፣ የተሠራው ባለ 326 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ፍሬን ነው። ድንቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ባለ 16 ቸርኬ ውስጥ አይገባም፣ 17 ያስፈልጋል፣ 17 ማለት አዲስ ቸርኬ፣ አዲስ ጎማ፣ ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ ማለት ነው፣ እሱን ይዤ ደግሞ በክረምት የጅማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስነዳ በወር ሁለቴ ጎሚስታ ቤት ነኝ። ሌላው «ዘይቱን ብቻ ቀይር፣ ሸራ ቀይር፣ ገንዘብህን አስቀምጥ» አለ። አሁን ሳስበው ልክ የነበረው ይሄኛው ነው፣ ቢያንስ አብዛኛውን።

እኔ መሃሉን ያዝኩ። በ2006 እና 2007 ሞዴል ደብሊው አር ኤክስ ላይ ሱባሩ ራሱ የገጠመው ባለ አራት ፒስተን የፊት ካሊፐር አለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባው። በኔ መኪና ላይ ያለ ምንም ቆረጣና ብየዳ ይገጥማል፣ ያንኑ ባለ 294 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው የሚጠቀመው። ፒስተኖቹ ከዲስኩ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ የሚንሸራተት ፒን የለም፣ ስለዚህ ጭቃና ዝገት ገብቶ ካሊፐሩ አንድ ወገን ተጣብቆ የሚቀርበት ጣጣ የለም። የኔ አሮጌው በግራ በኩል ፒኑ ደርቆ ነበር፣ የውስጠኛው ሸራ አልቆ ብረቱ ሊደርስ ሲል የውጪው ገና ግማሽ ነበር።

ካሊፐሮቹን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። ያገለገሉ ናቸው፣ ሌላ አማራጭም የለም። እዚያ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል። ፒስተኑን የሚሸፍነውን ላስቲክ በጣታችሁ ገልጣችሁ ከሥሩ ዝገት መኖሩን እዩ፣ አየር ማስወጫዋ ቡሎን በቁልፍ ስትነካ እንደምትላወስ አረጋግጡ፣ ተሰብራ የቀረች ከሆነ ትታችሁ ሂዱ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ በእናቴ» ቢላችሁም። እኔ ሦስት ሱቅ አይቼ ነው አራተኛው ጋ የገዛሁት፣ የፒስተን ላስቲኮቹን ግን አዲስ አስቀየርኩ፣ እናንተም ያለሱ እንዳትገጥሙ።

ሸራው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ማንም ያትመዋል። ሸራው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ግን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጎን ለጎን ታትመው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ሸራው ገና ብዙ ሳይሞቅ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። «ኢ» ከሆነ ደካማ ነው፣ «ኤፍ» ደህና፣ «ጂ» ጠንካራ። ለግቤ የሚሆነው ሁለተኛው ፊደል ቢያንስ «ኤፍ» የሆነ ነው። እኔ ድርብ «ኤፍ» ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ወሰድኩ። ምንም ፊደል የሌለው ሸራ በግማሽ ዋጋ ቀርቦልኝ ነበር። አስቀምጬው ወጣሁ።

ዲስኩን አዲስ ገዛሁ፣ ሜዳ ገጽ ያለው፣ ያልተበሳ። የተበሳው ያምራል፣ በቸርኬው መሃል ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ተደጋግሞ ሲግልና ሲበርድ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው። ያለቀውን ዲስኬን ቶርኖ ቤት አስላጭቼ ልጠቀም አስቤም ነበር። ዲስክ ሲላጭ ይሳሳል፣ የሳሳ ዲስክ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ለቁልቁለት መንገደኛ ይሄ ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ማስገጠሙ። የመጀመሪያው ጋራዥ እዚሁ ጅማ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፣ በሁለት ሰዓት ጨርሰው አስረከቡኝ። ፔዳሉ ግን ለስላሳ ነው። «አየር አለበት» ስላቸው ደግመው አየር አስወጡ፣ ሦስተኛም አስወጡ፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ጨረሱ፣ ፔዳሉ ያው። በመጨረሻ «አዲስ ሸራ ነው፣ ሲለማመድ ይጠነክራል» ብለው ሸኙኝ። ልቤ እምቢ አለ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰው መራመጃ ፍጥነት፣ አደጋ ማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቼ ሌላ ቦታ ወሰድኩት።

ሌላው ቦታ ስም የለውም፣ እውነቴን ነው፣ በሩ ላይ ሰሌዳ እንኳን የለም። ወደ ሂርማታ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው፣ ውስጡ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ሥሩ ሁለት መኪና ይቆማል። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በአማርኛም በኦሮምኛም እያፈራረቁ ነው የሚያወሩት፣ ሁለት ረዳት ልጆች አሏቸው። ጎማው እንደወረደ ጎንበስ ብለው ካሊፐሩን አዩት። ክሪኩ ገና ተስተካክሎ አልቆመም።

«ማነው የገጠመልህ?»

«ሌላ ቦታ ነው ጋሼ።»

«የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ አድርገውልሃል። ይቺን እያት» አሉና በጣታቸው አየር ማስወጫዋን ቡሎን ነኩ። «ታች ሆናለች። አየር የት ነው የሚሄደው፣ የኔ ልጅ?»

«ወደ ላይ።»

«ቀዳዳው ታች ከሆነ እስከ ፋሲካ ብታስወጣው አይወጣልህም።»

ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ሙሉ ቀን፣ ሦስት ሰው ያደከመ ነገር በአንድ ዓይን ውርወራ! ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ አገላብጦም ይገጥማል፣ ቡሎኑም ይጠብቃል፣ ምንም የሚከለክል ነገር የለም። እናንተም ካስገጠማችሁ በኋላ ጎማው ሳይታሰር ይቺን አንዲት ነገር በዓይናችሁ እዩ፦ አየር ማስወጫዋ ከላይ ናት ወይስ ከታች።

ጋሼ አውልቀው አቀያየሩት። ከዚያ ሥራቸውን ስመለከት ነው ለምን እንደምጽፍላቸው የገባኝ። ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁለት የመዳብ ቀለበቶች አሉ፣ አሮጌዎቹን ወደ ቆርቆሮ ጣሳ ጣሏቸው። አንዱ ረዳት «ገና ደህና ናቸው'ኮ» ቢል «አንዴ የተጫነ መዳብ ሁለተኛ አያትምም» አሉት፣ አዲስ አመጡ። የዲስኩንና የማዕከሉን መገናኛ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ በጥፍራቸው ዳሰሱት። አንዲት የዝገት ቅርፊት ሥር ብትቀር ዲስኩ ይወላገዳል፣ ከሁለት ወር በኋላ መሪህ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ፍሬን ክፍል ውስጥ ተራ ግራሶ አይነኩም፣ ላስቲክ ያሳብጣል ብለው የሲሊኮኑን ነው የተጠቀሙት፣ እሱንም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ እየቀነሱ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። ከማንጎው ሥር እርጥብ ጭቃ ቆንጥረው አድቦለቦሉና የካሊፐሩ ጀርባ ላይ ለጠፉት፣ ቸርኬውን ገጥመው በእጃቸው ቀስ ብለው አንድ ዙር አዞሩት፣ መልሰው አወለቁት። ጭቃው በአንድ ወገን ተደፍጥጧል፣ የቀረው ውፍረት የሁለት ክብሪት እንጨት ያህል ነው። «ይበቃል፣ ግን ሚዛን ማስተካከያ እርሳስ በውስጥ በኩል እንዳያስለጥፉብህ ለጎሚስታው ንገር» አሉ። ባለ 16 ቸርኬ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዳንዱ ከዚህ ካሊፐር ጋር ይፋጫል፣ ስለዚህ ሳትለኩ አትግዙ።

ቱቦውንም አስቀየርኩ። በብረት መረብ የተሸፈነውን ልግዛ ብዬ ነበር፣ እሳቸው አዲስ የፋብሪካ ላስቲክ ይሻላል አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ ላስቲክ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ይታያል፣ መረቡ ግን የውስጡን ጉዳት ይደብቃል። እዚህ ላይ እኔ ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፣ ጥሩው ዓይነት መረብ ለፔዳሉ የሚሰጠው ጥንካሬ ደስ ይላል። ግን የሃያ ዓመቱን ላስቲክ አውልቀን አጥፈን ስናየው ውጪው እንደ ደረቅ ቆዳ ተተርትሮ ነበር። አዲስ ላስቲክም ከዚያ በኋላ ገነት ነው።

ዘይቱ አዲስ ዶት 4፣ ከታሸገ ጠርሙስ፣ ዓይኔ እያየ የተከፈተ። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ካለ ተዉት፣ እርጥበቱን ስቦ ጨርሷል። አየሩን ሲያስወጡ ቀጭን ግልጽ ቱቦ አየር ማስወጫዋ ላይ ሰክተው ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት፣ አረፋው አንድ በአንድ ሲወጣ ይታያል። መጨረሻ ላይ ፔዳሉን ረገጥኩት። ጠንካራ። ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ ድንጋይ ሆኖ ቆመ። እውነት እላችኋለሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሸራውን ለማለማመድ በሰርቦ አቅጣጫ ወጣሁ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር። ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ጠንከር አድርጎ መቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ እንደገና መነሳት፣ እንዲህ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ መንዳት፣ እንዲበርድ። በግለቱ ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ከያዛችሁ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል፣ ያ ነው በኋላ ፔዳል ላይ የሚንዘረዘረው። ሰባተኛው ላይ ሽታ መጣ፣ ደነገጥኩ፣ ጋሼ ግን አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ዘጠነኛው ላይ መኪናው ቀበቶዬ ደረቴን እስኪይዘው ድረስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

ዋናው ፈተና ግቤ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ፣ በዚያው መንገድ፣ አሁንም ከጭነት መኪና ኋላ። ልዩነቱን ስጽፍ መጠንቀቅ አለብኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ነገር ነው የቀየርኩት፣ ፍሬኑንም አነዳዴንም። ይሄኛውን ቁልቁለት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ አጭር እየነካሁ እለቀዋለሁ፣ ተጎትቼ አልያዝኩትም። ድልድዩ ጋ ስደርስ ፔዳሉ አራት ጣት ላይ ነው። ሽታ የለም። መንገዱ ሰፋ ያለበት፣ ያን ቀን የቆምኩበት ቦታ ጋ ስደርስ ሆን ብዬ ፍጥነት ቀንሼ አለፍኩት።

ታዲያ ቀዩ ካሊፐር ምን ጨመረ? ለመኪና አፍቃሪ ወዳጆቼ የማይጥም ነገር ልናገር፦ ከግቤ ያዳነኝ እሱ አይመስለኝም። ዲስኩ ያው 294 ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከድሮው አዲስ ዲስክ አይለይም። ያዳነኝ አዲሱ ዘይት፣ በግለት የሚይዘው ሸራ፣ ከዚያም ማርሹ ነው። ካሊፐሩ የሰጠኝ ሌላ ነገር ነው፣ ስሜት። እግሬን በሚሊ ሜትር ስጨምር በሚሊ ሜትር ይጨምራል። ሸራዎቹም ግራና ቀኝ እኩል ነው የሚበሉት፣ ከአምስት ወር በኋላ አስፈትቼ አይቻለሁ። በአንድ ድንገተኛ ፍሬን ብቻ መለካት ከፈለጋችሁ ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም ነው፣ ድሮም ኤ ቢ ኤሱ፣ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው፣ ይሠራ ስለነበር የሚወስነው የጎማው ጥርስ ነው። ጎማችሁ ሊሾ ከሆነ ይሄን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ጎማ ግዙ።

ዋጋ በብር አልጽፍም፣ ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዛሬ ዋጋ ለሳምንት አይሆንም። ድርሻውን ልንገራችሁ፦ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ በላይ የሄደው በካሊፐሮቹ ነው። ሩብ የሚሆነው በዲስኮቹ። ዘይቱ፣ ቱቦውና ሸራው ተደምረው ሩብ እንኳን አይሞሉም። የጋሼ የእጅ ዋጋ ደግሞ የመጀመሪያው ጋራዥ ካስከፈለኝ ያንሳል፣ ጨምሬ ስሰጣቸው መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ገንዘባችሁ አጭር ከሆነ ዘይቱን ዛሬውኑ ቀይሩ፣ በሚቀጥለው ወር ሸራውን፣ ቱቦውን። ካሊፐሩ ይቆያችኋል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይባላል፣ እኔ ግን ጅማ ስለምኖር በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ላስቀይር ወስኛለሁ።

የማልወደውም አለ። ሸራው ጥቁር ብናኝ ይረጫል፣ ቸርኬዬን እሁድ ባጥበው ረቡዕ ጠቁሯል። ማለዳ በጉሙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት አያያዞች ላይ ይጮሃል፣ ሰፈሩ መነሳቴን በሱ ያውቃል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ትልቁ ችግር ግን ለዚህ ካሊፐር የሚሆን ሸራ ጅማ ውስጥ አለመኖሩ ነው፣ ሁሉንም ሱቅ ዞሬያለሁ። ከአዲስ አበባ በሰው ማስመጣት ነው። እኔ አንድ ሙሉ መለዋወጫ ገዝቼ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እነዚህን አሮጌ መኪኖች ጠግነን መያዝ የኛው ሥራ ሆኗል፣ ስለዚህ መለዋወጫ ስታገኙ ሁለት ግዙ።

ጋሼ ጋ መሄድ የምትፈልጉ ከሂርማታ ገበያ ሳትደርሱ በስተግራ ቆርቆሮ አጥሩን እዩ፣ የማንጎው አናት ከላይ ይታያል። ሐሙስ አትሂዱ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ መኪና ማስገቢያ የለም፣ አርብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። መለዋወጫውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው አይሸጡም። ፍሬን ከሆነ ሥራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይዘው ያቆዩታል፣ አታቻኩሏቸው።